የደኸየነው በዓል ስለበዛብን ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሃይማኖት በማኅበረሰብ ውስጥ ስላለው ሚና የሚያትት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ሃይማኖት ሕዝብን ማደንዘዣ የገዢዎች መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ካርል ማርክስን ይጠራሉ። የደኸየነው በዓልና ጾም ስለበዛብን ነው፤ ለዚህ ማክስ ዌበርን ይጠራሉ። ያም ሆኖ ሃይማኖት ሕዝብን አንድ ያደርጋል፣ የጎንደር ጥምቀት ምስክር ነው ይሉና ኤሚል ዱርካይምን ያቆማሉ። ከዚያ ትምህርት ሲስፋፋ ይህ ሁሉ መክሰሙ እንደማይቀር ይነግሩንና፣ ሃይማኖት ከወዲሁ ከአደባባይ ወጥቶ በየቤታችን ይወሰን ብለው ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም፣ በቁም ነገር የተጻፈ ነው፤ ምላሽ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሦስቱ አውሮፓውያን የማኅበረሰብ ሊቃውንት ግን ያላሉትን ብለዋል ተብለዋል። ጎንደርም ስሟ በየአንቀጹ ተነሣ እንጂ ኑሮዋ ጽሑፉ ውስጥ አልገባም። «ሃይማኖት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ እስከተጠየቀ ድረስ መልስ አይገኝለትም። የትኛው ሥርዓት፣ በማን እጅ፣ በማን ወጪ፣ ማንን አስገብቶ ማንን አስቀርቶ ተብሎ ሲጠየቅ ይመለሳል። ያኔም ብዙ ጊዜ የሚጠቅመውና የሚጎዳው ያው አንዱ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።

ከማርክስ እንጀምር። ጸሐፊው የጠቀሷት «ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር በ1844 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጽሑፍ የተወሰደች ናት፤ ከእሷ በፊት ያሉትን ግን ዘለዋቸዋል። ማርክስ እዚያው ላይ ሃይማኖታዊ ሥቃይ የእውነተኛው ሥቃይ መግለጫም፣ በዚያ ሥቃይ ላይ የሚነሣ ተቃውሞም ነው ይላል። ሃይማኖትን የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ይለዋል። ኦፒየም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዘመኑ ደግሞ ኦፒየም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ማርክስን ይዞ የሚሟገት ሰው ተቃውሞ የሚለውንም ክፍል ይዞ መምጣት አለበት።

ተቃውሞውን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ጎንደር የተቆረቆረችው በዚያ ማግስት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲቀበል ተገደደ። ላስታ ሸፈተ፤ ባላገሩም፣ መነኩሴውም፣ ከመኳንንቱም ብዙው ተነሣ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ጎንደርን የመሠረቱት ከዚያ ወዲህ፣ በ1636 ግድም ነው። ሃይማኖት የገዢ መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሱስንዮስ ባልተሸነፉ ነበር፤ ጦሩም፣ ርስት የመስጠትና የመንቀል ሥልጣኑም በእጃቸው ነበርና።

ጸሐፊው ሃይማኖትን «የመሬት ከበርቴ ማደንዘዣ» ብለው የመሬቱን ነገር ሲያነሡ ግን ግማሽ መንገድ አብረናቸው እንሄዳለን። ቤተ ክህነት ጉልትና ሰሞን መሬት፣ ማለት ግብሩ ለእሷና ለአገልጋዮቿ የሚገባ መሬት፣ ነበራት፤ ግብሩም የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበር። ይህን የሚክድ የታሪክ ሰው የለም። የምንለያየው ቀጥሎ ባለው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ሲታወጅ ያ ገቢ ቀረ። በጸሐፊው ስሌት አጥቢያዎቹ አብረው መዘጋት ነበረባቸው። የሆነው ግን ወጪው ወደ ምእመኑ ኪስ መዞሩ ነው፦ የሰበካ ጉባኤ መዋጮ፣ ሙዳየ ምጽዋት፣ ስለት፣ ለክርስትናና ለፍትሐት የሚሰጥ። የገጠሩ ቄስ እንደ ጎረቤቱ የድርሻውን መሬት ያርሳል፤ ሰሞነኛ ሲሆን ገብቶ ይቀድሳል። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ሕዝቡ ከራሱ እያወጣ ያቆመውን ነገር «የመሬት ከበርቴ ማደንዘዣ» ብሎ ማለፍ አያስኬድም።

ዌበር ላይ የደረሰው ይብሳል። እሱ በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጽሑፎች የጠየቀው አንድ የተወሰነ ነገር ነበር። መዳናቸው አስቀድሞ ተወስኗል፣ ግን አይታወቅም ብለው የሚያምኑ የካልቪን ተከታዮች፣ ምልክቱን በሥራቸው ውስጥ ሲፈልጉ ምን ዓይነት የሥራ ጠባይ አወጡ? ትርፉን ሳይበሉ መልሶ ሥራ ላይ ማዋል፣ ጊዜን በሒሳብ መያዝ፣ ሙያን እንደ ጥሪ ማየት። ሙግቱ እዚህ ላይ ነው እንጂ በዓል ቆጠራ ላይ አይደለም። እንዲያውም ፕሮቴስታንትነት የቀድሞውን በዓል ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ሥራ ቀን በመለወጡ ለካፒታል መወለድ ድርሻ ነበረው የሚል አስተያየት ያለው ማርክስ ጋ ነው፤ «ካፒታል» ውስጥ በአንዲት የግርጌ ማስታወሻ። ጸሐፊው የአንዱን ለሌላው ሰጥተውታል።

ይሁን፤ የማንም ይሁን የማን የበዓሉን ጉዳይ በራሱ እንየው። በጎንደር ዙሪያ ገጠር በወር ውስጥ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አሉ፤ ቅዳሜና እሑድም አሉ። ሁሉም በሁሉም ቦታ እኩል አይከበርም፤ ደብሩ የማን እንደሆነ ይወስነዋል። ጸሐፊው እነዚህን በ12 አባዝተው «የባከነ ቀን» ብለዋቸዋል።

ገበሬ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ስሌት አይቀበልም። ክልክሉ የሚነካው ማረስን፣ ማጨድን፣ መውቃትን፣ መፍጨትን ነው፤ ሞፈርና ቀንበር አይነሣም፣ ማጭድ አይጨበጥም። ከብቱ ግን ይሰማራል፣ ይታለባል፤ ገበያ ይኬዳል። ሽምግልና የሚቀመጠው፣ እድር የሚሰበሰበው፣ እቁብ የሚጣለው፣ ማኅበር የሚጠጣው፣ የርቀት ለቅሶ የሚደረሰው፣ ቀበሌም ስብሰባ የሚጠራው በዚያ ቀን ነው። እነዚህ ሁሉ ቀን ይፈልጋሉ፤ በዓል ባይኖር ከእርሻው ቀን ላይ ይነሡ ነበር። «ተው፣ ለበዓሉ እንገናኝ» የምትባለው ነገር ቀጠሮ ናት፤ ስልክ በሌለበት ዘመን መቶ ሰው ያለ ጥሪ ወረቀት አንድ ቦታ የሚገኝባት ቀጠሮ።

ጉዳት የለም አንልም፤ አለ፣ ግን ጸሐፊው ባላዩት በኩል ነው። ሰሊጥን ውሰዱ። በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ከላይ ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል። ጨርሶ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የሚያጭደው አብዛኛው ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ሁለት በዓል ከቅዳሜና እሑድ ጋር ከገጠመ አራት ቀን ያልፋል፤ አራት ቀን ደግሞ ለደረሰ ሰሊጥ ብዙ ነው። በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ሲያንዣብብ ለታጨደ ጤፍም እንዲሁ ነው። በጥር አጋማሽ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚውል በዓል ግን ማንን ይጎዳል? ጉዳቱን ማስላት የፈለገ ሰው የሰብሉን ዓይነት፣ ወሩን፣ ክልክሉ የሚነካውን ሥራ ለይቶ ይያዝ እንጂ የዓመቱን ቀን አይደምር።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው «ሙስሊሙ በዓል ስለማያበዛ ነጋዴ ሆነ» ብለዋል። ነጋዴ ያደረገው የመሬት ሥርዓቱ ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ታሪክ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የማይፈቀድለት ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ንግድና ሽመና ነው። ለጸሐፊው ግምት ማፍረሻ የሚሆኑት ደግሞ በጎንደር አጠገብ ያሉት የወለቃና የአካባቢው ቤተ እስራኤሎች፣ የአይሁድ እምነት ተከታዮቹ፣ ናቸው። ሰንበትን ከክርስቲያኑ ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁ ነበር፤ እሳት እንኳ አይነድም። ሆኖም ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ግንበኛው እነሱ ነበሩ፤ በነገሥታቱ ግንብ ሥራ ላይም እጃቸው አለበት። ወደ እጅ ሥራ የገፋቸው ርስት መነጠቃቸው ነው። በዓል ማብዛት ወይም ማሳነስ ከሙያቸው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ወደ ዱርካይም እንለፍ፤ ብዙ የምንለው እዚህ ላይ ነው። ዱርካይም በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው የአውስትራሊያን ነባር ጎሳዎች ሥርዓት ነው፤ እዚያ ሄዶ አይደለም፣ ሌሎች የጻፉትን አንብቦ ነው። ቅዱስ የሚባለው ነገር ከሌላው ተለይቶና ተከልክሎ ይቀመጣል፤ ሰዎች በዙሪያው ተሰብስበው አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርጉ ስሜታቸው ይግላል፤ በዚያ ግለት ውስጥ «እኛ» የሚለውን ያገኙታል፤ እምነቱንና ሥርዓቱን የሚጋሩትም አንድ የግብረ ገብ ማኅበረሰብ ይሆናሉ። ቁልፉ «የሚጋሩት» የሚለው ላይ ነው። አንድ ጎሳ አንድ ሥርዓት ባለበት ጎሳውና ማኅበረሰቡ ይገጥማሉ። ጎንደር ግን እንዲያ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 207,044 ነበር፤ 84.2 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 11.8 በመቶው ሙስሊም፣ 1.1 በመቶው ፕሮቴስታንት።

ጥር 10 ቀን ከተራ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ በድንኳን ያድራሉ፤ በ11 ሌሊት ቅዳሴው፣ ንጋት ላይ ባሕረ ጥምቀቱ ይባረካል፤ ቀኑን ታቦታቱ ይመለሳሉ፣ ሚካኤል በ12 በቃና ዘገሊላ ይገባል። ያን ያየ ዱርካይም የጻፈውን ግለት በዓይኑ ያየዋል። የሚያስተሳስረው ግን በቅድሚያ ያንን 84 በመቶ ነው። የቀረው ሰው ከዚህ «እኛ» ጋር በምን ይገናኛል? ጸሐፊው «በመቻቻል» ይላሉ። መቻቻል የነገሩ ስም ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ አይነግረንም።

የሚሠራበትን መንገድ ለማየት የሥጋን ክልክል ማየት ይበቃል። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በዕለት ኑሮ ሁለቱን የሚለይ ከዚህ የጠነከረ መስመር የለም። አሁን አንድ ክርስቲያን ሊድር ነው፤ ጎረቤቶቹ ሙስሊሞች ናቸው። በግ ወይም ወይፈን ለብቻ ይገዛል፤ አራጁ ሙስሊም ነው። ከጎረቤቶቹ አንዱ የዚያ ድግስ ኃላፊ ይሆናል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው ከሙስሊም ቤት ይመጣል፤ ወጡን የሚሠሩት የሙስሊም ጎረቤት ሴቶች ናቸው፣ ለብቻ በተዘጋጀ ማድ ቤት። እንጀራው ከአንድ ምጣድ ሊወጣ ይችላል። ጠላው አይሻገርም፤ በምትኩ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይቀርባል። ሙስሊሙ ሲድር ያው በተራው ይደረጋል፣ አራጁና ቢላዋው ብቻ ይለወጣል።

እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ሁለቱን የሚለየው ክልክል ነው ሁለተኛውን ማድ ቤት ያስፈለገው፤ ያ ማድ ቤት ደግሞ ድግሱ ከመድረሱ ከቀናት በፊት ጎረቤታሞቹን አብሮ የሚያስመክር፣ የሚያላልክ፣ የሚያዋውስ ነው። ክልክሉ ባይኖር ሙስሊሙ ጎረቤት ተጠርቶ በልቶ የሚሄድ እንግዳ ብቻ በሆነ ነበር። አደራው የሚበላሸውም በትንሽ ነገር ነው፦ ጭልፋ ሲቀላቀል፣ ሥጋው ማን እንዳረደው ሳይነገር ሲቀርብ፣ ለይቶ መግዛቱ በወጪ ምክንያት ሲዘለል። አፍ አውጥቶ የሚከስ የለም፤ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ቀርቶ ይታያል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ግምት እንጨምር። ሰርግ ወደ አዳራሽና ወደ ተቀጣሪ ምግብ አቅራቢ ሲዞር ሁለተኛው ማድ ቤት ይቀራል። ሙስሊሙ እንግዳ የጾም ምግብና ለስላሳ ይቀርብለታል፤ ማንም አልበደለውም፣ ግን ማንም ቢላዋ አልተዋሰውም። አብሮነት ሲላላ ሰበቡን ሁልጊዜ በሰባኪ ላይ የሚፈልጉ ሰዎች ይህንንም ቢያዩት ጥሩ ነው።

ደግሞ ሌላኛው ገጽ አለ፤ ጸሐፊው ፈጽሞ አልነኩትም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ፣ የአንድ ሼኽ ቀብር ላይ በተሰበሰቡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ቦታው መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚዋሰኑበት፣ ቀድሞም ክርክር ያለበት የመቃብር ስፍራ ነው። በዱርካይም ዓይን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀብር ከሁሉም የበረታ የ«እኛ» ሥርዓት ነው፤ የመቃብር ወሰን ደግሞ የቅዱሱ ስፍራ ወሰን ነው። ለሰርግ ሁለተኛ ማድ ቤት አለ፤ ወሰኑ ለሚያከራክር መቃብር ግን ያን የመሰለ የተለመደ አሠራር የለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቡናው በተቀላቀለ እድር ሊቀርብ ይችላል፤ ጉድጓዱ ላይ ሲደረስ ሁሉም ወደየራሱ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ሜርተን አንድ ሥርዓት ጠቃሚ ነው ሲባል «ለማን?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገደደን ለዚህ ዓይነቱ ነው። ጥምቀትን ብቻ አይቶ «አንድ ያደርጋል» የሚልና ሚያዝያ 18ን ብቻ አይቶ «ያባላል» የሚል ሰው የተሳሳቱት አንድ ዓይነት ስሕተት ነው።

ትምህርት ሲስፋፋ ሃይማኖት ይከስማል ስለሚለው ብዙ አንደክምም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ከተነበዩት አንዱ፣ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ፒተር በርገር፣ ራሱ በ1999 ትንበያው እንዳልሠራ ጽፎ ተመልሷል። እኛ አገር ማኅበረ ቅዱሳን የወጣው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ነው፤ ግቢ ጉባኤ የሚደራጀውም ካምፓስ ባለበት ነው። ይልቅ መጠየቅ የነበረበት ሥርዓቱ በምን ተለወጠ ተብሎ ነው። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ዛሬ የቤተ ክህነት፣ የከተማ አስተዳደር፣ የባህልና ቱሪዝም፣ የሆቴል ጉዳይ በአንድነት ነው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በመዋኛው ዙሪያ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ 10 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ተጎዱ። ለተመልካች መድረክ የሚያስፈልገው በዓል በሚያመልኩ ብቻ ከሚሞላው የተለየ ነው፤ የእንጨቱን ጥንካሬ የሚመረምረው ማን እንደሆነም አብሮ መወሰን አለበት። ይህ መክሰም አይባልም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ሃይማኖት ከአደባባይ ይውጣ የሚለው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11ን ያጣቅሳሉ። አንቀጹ የሚለያየው መንግሥትንና ሃይማኖትን ነው፤ አደባባይ ሁሉ መንግሥት አይደለም። አንቀጽ 27 እምነትን በግልም ከሌሎች ጋር በመሆንም፣ በይፋም መግለጥን ይፈቅዳል። አንቀጽ 34 ደግሞ ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል።

ሕጉን ትተን በተግባር እንየው። የኤችአይቪ ሕመምተኛ ጠበል ሊገባ ነው፤ 7 ወይም 14 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፤ በዚያ መካከል ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ መድኃኒቱን የለመደ ዓይነትም ሊወጣ ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ የተናገሩት ለዚህ ነበር። የሚሠራው አካሄድ ቀላል ነው። ለቆይታው የሚበቃ ክኒን አስቀድሞ ይይዛል፤ የመዋጫው ሰዓት ከጠበል በኋላ ከሚቀምስበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ አጥማቂው ራሱ «መድኃኒትህን ውጠሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ከነርስ አፍ ስትወጣና ከአጥማቂ አፍ ስትወጣ እኩል አትሰማም። ሃይማኖት ቤት ይዘጋበት የሚሉት ጸሐፊ በምን ሊተኩት ነው?

ደም ማድረቅም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወገን ቂም ግን በፍርድ ቤት ማኅተም አይዘጋም፣ ወንድም ወንድሙን ሲጠብቅ ይኖራል። ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ወይም ከሼኹ ጋር ሆነው ደጅ ይጠናሉ፤ የመጀመሪያው መልስ እንቢታ ነው፣ እንዲሆንም ይጠበቃል። ከዚያ ጉማው፣ ማለት የደም ካሣው፣ ይቆረጣል፣ በመስቀል ወይም በቁርኣን መሐላ ይገባል። እስሩ ይቀጥላል፤ የሚቆመው ቀጣዩ ግድያ ነው።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ኋላቀር ብለው ሲያጣጥሉት ትክክለኛውን ክስ አምልጧቸዋል። ያው ሽማግሌ፣ ያው መስቀል፣ ያው መሐላ ጠለፋንና አስገድዶ መድፈርን ለማለባበስም ውሏል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ እንዲድን ያደርግ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል። ሽምግልናው ግን ባንዳንድ ቦታ ክፍት አድርጎት ቆይቷል፤ ካሣውን የሚቀበለው አባት ነው፣ ይቅር በል የሚባለውም እሱ ነው፣ ልጅቷ እዚያ ሸንጎ ላይ አትጠራም። የሃይማኖት አባት በዚህ ዕርቅ ላይ እንዳይቀመጥ ቢጠይቁ ከጎናቸው በቆምን ነበር። ስለ ሽምግልና በጻፉት ረጅም ክፍል ውስጥ ግን ሴት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም።